ቀለሃውን የሞላው እጅ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ሠርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል። አንዱ ተኳሹ ነው፤ ይፎክራል፣ እልል ይባልለታል። ሌላው መሬት ላይ የወደቀውን ቀለሃ ለመልቀም የሚሻማው ልጅ ነው። ለተኳሹ ክብር አለ። ቀለሃውን ግን ከልጅ በቀር ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በዓፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ባዶው ቀለሃም ዋጋ ነበረው፤ እርሳስ አቅልጦ፣ የአገር ባሩድ ጠቅጥቆ መልሶ የሚሞላው ባለሙያ ነበርና።

ውጅግራ ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊቷ የያዘችው፣ አንድ አንድ ጥይት እያጎረሱ የሚተኩሱት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ለበል ሲተካው አሮጌው ወደ ሌላ አገር ተሸጠ፤ ብዙውም ኢትዮጵያ ገባ። ፎካሪው ስሙን በቀረርቶ አነሣው። ቀለሃውን የሞላለትን ሰው ስም ግን ማንም አላነሣም።

ያ ሰው የሚሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። የውጅግራ ጥይት ከፋብሪካ ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ድምፅ ደግሞ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባሩዱ ከደከመ ጥይቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይወርዳል፣ ጉልበቱም ያልቃል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ አንዳንድ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ይህንኑ ሆን ብለው ያደርጉታል። ጥይቱ ድምፅን እንዳይቀድም አድርገው በእጃቸው ይሞሉታል። ምክንያቱን የጎጃም እረኛ በቀላሉ ይረዳዋል። ጅራፍ ሲጮህ የሚሰማው ጫፉ ድምፅን ስለቀደመ ነው፤ ጥይትም እንደዚሁ። ካልቀደመ ያ የጅራፍ ጩኸት አይኖርም። እዚያ ይህን የሚያደርግ ሰው በሚዛን የሚለካ ባለሙያ ተብሎ ይከበራል። እዚህ ብረትና እሳት የሚነካ እጅ ምን ይባል ነበር? ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ።

ንቀቱ ዋጋ አስከፍሏል። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጣልያን ወረራውን ስታዘጋጅ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ነገሩ እኩል መስሎ እኩል አልነበረም፤ ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፣ ኢትዮጵያ ግን የምትገዛው ከውጭ ነበር። ያለውም ጠመንጃ ከየአገሩ የተለቀመ በመሆኑ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የጎጃም አርበኛ ከጠላት በማረከው ጥይት ተዋጋ። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ቡሬንና ደምበጫን እስኪለቅ ድረስም እያንዳንዷ ጥይት ተቆጥራ የምትተኮስ ነበረች። ጀግንነት አልጎደለም። የጎደለው ጥይቱን የሚሠራው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ለዘመናት ሲሰደብ የኖረ ነው።

ምኒልክ ይህን አውቀዋል። በውጭ ጠመንጃ ዓድዋ ላይ ድል ያደረጉት ንጉሥ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ነጋሪቱ ተጎሰመ፣ ስድቡ ግን አልቆመም። ዛሬም ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ «ዘሩ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከሚፈሩት መልሶች አንዱ «አባቱ ብረት ይቀጠቅጣል» የሚለው ነው።

«ታዲያ ሰው ቤቱ ጥይት ይሙላ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን ይከለክላል። አዋጁ ባይኖር እንኳ ነገሩ አደገኛ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ የድሮው ጥቁር ባሩድ አይደለም። ሲበዛ ጠመንጃውን ይሰነጥቃል፤ ሲያንስ ጥይቱ አፈሙዝ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ ሳያውቅ ደግሞ የሚተኩስ ሰው ዓይኑን ወይም እጁን ያጣል። ጎጃም ዛሬ የሚጎድለው ጥይት አይደለም፤ የተኩስ ድምፅ የሰለቸው አገር ነው።

የሚጎድለው ያ የተናቀ እጅ ነው። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ማሽን ሲቆም ብረት ቆርጦ፣ ለክቶ፣ አስተካክሎ የሚያስነሣው ማን ነው? የገበሬው የውኃ ፓምፕ ሲሰበር መለዋወጫውን የሚያወጣለት ማን ነው? ማረሻውንና ማጭዱን ለዘመናት የሠሩት ቤተሰቦች ልጆች ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ ቅርብ ነበሩ። ግን ስድቡን ለማምለጥ የአባታቸውን ወናፍ ጥለው ከተማ የገቡት ስንት ናቸው?

ስለዚህ ነገሩ ከቤት ይጀምር። አባት ልጁን ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሲያስገባ «ፈተና ስለወደቀ ነው» እያለ አይፈር። ሽማግሌም የቀጥቃጭን ልጅ ከጋብቻ አይመልስ። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ከሚባክነው ጥይት ዋጋ የሁለቱ ወይም የሦስቱ ለአንድ ወጣት መፍቻና መለኪያ ይግዛ። ተኳሹ እልልታውን ለመቶ ዓመት ጠግቧል። አሁን ተራው የሠሪው ነው።