የሞት ቅጣት በኢትዮጵያ ሕግ፦ ክርክሩና የዜጎች መብት

በኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 መሠረት ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት አለው፤ በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀርም ሕይወቱን አያጣም። የሞት ቅጣት ይኑር ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ከዚህ ድንጋጌ ይነሣል።

ቅጣቱን የሚደግፉ ወገኖች ሆነ ብሎ በጭካኔ ሕይወት ያጠፋ ሰው ተመጣጣኝ ቅጣት ካላገኘ የሟች ቤተሰብ በፍርድ ላይ ያለው እምነት ይላላል፣ ቂም በቀልም ቦታውን ይይዛል ይላሉ። የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ መቻሉንም በስጋት ያነሣሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ዳኛም ምስክርም ሰው በመሆናቸው ሊሳሳቱ እንደሚችሉ፣ እስራት ሲሻር ሞት ግን እንደማይሻር ያስረዳሉ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» በሚል ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ነጥብ አይደለም።

ሕጉ ቅጣቱን አልሻረም፤ በእጅጉ ግን ገድቦታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 የሞት ቅጣት የሚወሰነው ፍጻሜ ባገኘ እጅግ ከባድ ወንጀል፣ በተለይ አደገኛ በሆነ ጥፋተኛ ላይ፣ የቅጣት ማቅለያ በሌለበትና አጥፊው ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው እንደሆነ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው ፍርዱ አይፈጸምም። በአደባባይ፣ በስቅላት ወይም በሌላ ኢሰብአዊ ዘዴ መፈጸምም የተከለከለ ነው።

ያለ ፍርድ መግደልና በሕግ መቅጣት ምን ያህል እንደሚራራቁ የራሳችን ታሪክ ያሳያል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። የደርግ ባለሥልጣናት ግን በፍርድ ቤት ተከሰሱ፣ ተከራከሩ፣ ይግባኝ ተባለ፤ በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ፍርድ አሳለፈ። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ያቀረቡትን ልመና ተከትሎ የ23ቱ ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የዘር ማጥፋትን በመሰሉ ወንጀሎች የተፈረደ የሞት ቅጣት በርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ሊለወጥ እንደሚችል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ይፈቅዳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አቋማችን የቱም ቢሆን፣ ቅጣቱ በሕግ ላይ እስካለ ድረስ የሰውን ሕይወት ከስሕተት የሚጠብቀው ሥርዓቱ በሙሉ ሲከበር ነው። ስለሆነም የሚከተሉትን መብቶች ማወቅ ይገባል፦

• ተከሳሹ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል፤
• በፍርዱ ላይ ለሚመለከተው ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤
• በይቅርታ አሰጣጥና አፈጻጸም ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 840/2006 መሠረት የይቅርታ ጥያቄን ፍርደኛው ራሱ ወይም በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በወኪሉ ወይም በጠበቃው አማካይነት ማቅረብ ይችላል።

የይግባኝ ጊዜ በሕግ የተወሰነ በመሆኑ ቤተሰብ ፍርዱ እንደተሰማ የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቆ ሳይዘገይ የሕግ ምክር እንዲያገኝ ይመከራል።