የሐዴራ ጭስ በማን ሒሳብ ይጻፋል?

የኦሮት ራቢንን ጭስ ማውጫዎች የማያውቅ የነቬ ሐይም ልጅ የለም። ረጅሙ 300 ሜትር ነው። ስድስቱ የድንጋይ ከሰል ክፍሎች ተደምረው 2,590 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ነበራቸው። ታዲያ የሐዴራ የካርቦን ልቀት ሲሰላ ይህ ጭስ ከከተማችን ድምር ውስጥ አይገባም ብንላችሁ ታምናላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሐዴራ ያለችበት የፎረም 15 ከተሞች ስብስብ ልቀቱን በ2020 ከ2000ው መጠን 20 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ቃል ገብቶ ፈረመ። የከተማ ልቀት ደግሞ በሰማይ ላይ በተሰቀለ መሣሪያ አይለካም፤ ከመብራት ፍጆታ፣ ከነዳጅና ከቆሻሻ መጠን ይሰላል። በ2014 በወጣው ዓለም አቀፍ የከተሞች አሠራር መሠረት፣ ጣቢያው ለአገሩ መስመር የሚሰጠው መብራት ጭስ ለብቻው ይመዘገባል፤ ድምሩ ላይ ግን መብራቱን የተጠቀመው ከተማ ነው የሚጠየቀው። አንድ ጭስ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነውና ይህን አንቃወምም። (አቧራውና ድኝ ያለበት አየር ግን እንደ ካርቦኑ ለቴል አቪቭ አይከፋፈልም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የታማር ጋዝ በ2013 መፍሰስ ከጀመረ ወዲህ አገሩ ከከሰል ወደ ጋዝ እየዞረ መጥቷል። ጋዝ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚያወጣው ካርቦን የከሰሉን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ አንድ አምፖል ሳይቀይር የከተማው ቁጥር ይወርዳል ማለት ነው። ይህን «የከተማችን እድገት» ብሎ የሚያቀርብ ሪፖርት ቢመጣ በጭብጨባ አንቀበለውም። ስንት ኪሎዋት ሰዓት ቀነሰ? በየትኛው ሰፈር? በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በጠቅላላው? የሕዝቡ ቁጥር በሚያድግበት ከተማ የነፍስ ወከፉ እየወረደ ጠቅላላው ሊጨምር ይችላልና።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። ሒሳቡን ፈርታ በነሐሴ ሙቀት ማዝጋን ሳትከፍት ያደረች አሮጊት እናት፣ በከተማው መዝገብ «ቁጠባ» ሆና ትቆጠራለች። ግድግዳው ሙቀት እንዳያስገባ የታደሰለት ቤትም እንዲሁ «ቁጠባ» ይባላል። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም፤ እኛ ግን እንለያለን። በአሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ዱድ ሼሜሹ ተበላሽቶ ጠጋኝ ያጣ ቤተሰብ ውኃውን በመብራት ያሞቃል፤ እሱ ደግሞ «አባካኝ» ሆኖ ይጻፋል።

ስለዚህ የዒሪያው ሪፖርት በየሰፈሩ ተከፍሎ፣ በአማርኛም ተጽፎ እንዲወጣ እንጠይቃለን። የነቬ ሐይም ቤተሰቦች ሆይ፣ የሁለት በጋ የመብራት ደረሰኞቻችሁን አትጣሉ፤ ስማችሁን ቆርጣችሁ ስጡን። ዱድ ሼሜሹ የማይሠራ ከሆነም ከጀርባው ጻፉበት፤ በዕብራይስጥ መጻፍ ለማይችሉ ልጆቻቸው ይጻፉላቸው።