የዋህ ማለት ሞኝ ማለት ነውን?

ባለፈው ሰሞን የሦስተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ የማባዛት ሠንጠረዥ አልያዝ ብሎት ሲንተባተብ፣ ከሥራ ደክሜ ገብቼ ነበርና፣ «አንተ ደደብ! መጨረሻህ ወፍጮ ቤት ነው!» አልኩት። ይህን ያልኩት ሰው ፊት ነው። ቡና ሊጠጡ የመጡት አሮጊት ጎረቤቴ የአጅባር ተወላጅ ናቸው፤ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ የጋስጫው አባ ጊዮርጊስም እኮ ፈጪ ነበሩ» አሉኝ።

ጋስጫ ከእርሳቸው አገር ከሳይንት ጋር በሚጎራበተው በቦረና የሚገኝ ገዳም ነው። ገድሉ እንደሚተርከው አባ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ቢላኩ ትምህርቱ አልገባ አላቸው። መምህሩም ወደ አባታቸው መለሷቸው። አባትየው ግን ልጁን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁና ባይማር እንኳ ያገልግላችሁ ብለው መልሰው ላኳቸው። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ለመነኮሳቱ እህል መፍጨት ሆነ።

እናቶች ይህን ልብ በሉ። በአገራችን ወፍጮ የሴት ሥራ ነው ሲባል የኖረ ነው። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ መጁን ስትገፋ የምታድረው እናት ወይም ሠራተኛ ነበረች፤ ወንድ ወደ ወፍጮ ቢጠጋ ይሳቅበታል። (ሐይቅ ሴት የማይገባበት ገዳም ነውና መነኮሳቱ ሌላ ፈጪ ከወዴት ያመጣሉ?) ጊዮርጊስ ይህን ሥራ ሳይንቁ ለዓመታት ሠሩ። ኋላም በእመቤታችን አማላጅነት ልቡናቸው እንደ በራ ገድሉ ይናገራል። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእርሳቸው ድርሰት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1424 የተጠናቀቀው መጽሐፈ ምሥጢርም እንዲሁ።

በከተማ አነጋገራችን «የዋህ» ስንል በቀላሉ የሚታለል ማለታችን ሆኗል። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ጌታ ራሱን የገለጸው በዚሁ ቃል ነው። ትሕትናም ቢሆን ለረጋጭ ሁሉ መነጠፍ ተደርጎ ለሴቶች ሲሰበክ ቆይቷል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። መጽሐፈ ምሥጢር እኮ የክርክር መጽሐፍ ነው! አባ ጊዮርጊስ ስሕተት ነው ያሉትን ትምህርት ሁሉ አንድ በአንድ ይሞግቱበታል። በሐሰት ተከሰው ታስረዋልም። ወፍጮ ፊት የተንበረከኩት ሰው በእምነታቸው ነገር አንገታቸውን አልደፉም።

የእኔ ጥፋት ሁለት ነው። ልጄን አዋረድሁ፤ ማዋረጃ ያደረግሁት ደግሞ እናቴ እኔን ያሳደገችበትን ሥራ ነው።

በማግስቱ ማታ ይቅርታ ጠየቅሁት። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ የሞከረችው ታውቀዋለች፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለ እራት አወራሁ። በመጨረሻ ስነግረው ጥቂት አሰበና «ወፍጮ ቤት ግን ደመወዙ ስንት ነው?» አለኝ።

ሰባት ሲባዛ በስምንት ዛሬም ሃምሳ አራት ነው ይለኛል። እንደገና ከሰባት ሲባዛ በአንድ እንጀምራለን።