ለመቅደላ እየጮኽን የአያታችንን ጎራዴ በቴሌግራም እንሸጣለን

«የአድዋ ጎራዴ፣ ኦርጅናል፣ አንበሳ ያለበት፣ አዳማ፣ ዋጋ በኢንቦክስ።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይቶ የማያውቅ የዚህ ቻናል ተከታታይ ካለ እድለኛ ነው። ፎቶውም ያው ነው፤ ጎራዴው ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሟል፣ የስልኩ ፍላሽ መሃሉ ላይ ነጭ እሳት ሆኖ ፈንድቷል፣ ስለቱ እንደ መስታወት ያበራል። የማን ነበር? ከየት መጣ? ማን ሠራው? ቁመቱስ ስንት ነው? አንዱም የለም። አንበሳው ግን በቅርበት ተነስቷል፤ የሚሸጠው አንበሳው ነዋ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ብሪድፖርት በምትባል የእንግሊዝ ትንሽ ከተማ የመቅደላ ቅርሶች ጨረታ ሊወጡ ሲሉ አገር ተነሳ፤ ጨረታው ቆመ፣ ዕቃዎቹም ተመለሱ። በ2024 ኒውካስል ላይ የመቅደላ ጋሻ ሊሸጥ ሲል እንደገና ጮኽን፤ ከጨረታው ወጣ። ደግ አደረግን። ነገር ግን በዚያው ስልክ፣ በዚያው ጣት፣ የባሌን፣ የአርሲን፣ የምንጃርን አያት ጎራዴ «ላይክ» እያደረግን ለደላላ እናሻሽጣለን። ጩኸታችን ለእንግሊዝ ብቻ ከሆነ የተቆጨነው ስለ ቅርሱ ነው ወይስ ስለ ሌባው ዜግነት?

ደስ የማይል አንድ ነገር ልጨምር። ከመቅደላ የተዘረፈውን ዛሬ ስሙን ጠርተን የምንጠይቀው ዘራፊዎቹ ስለጻፉት ነው። በሚያዝያ 1860 አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ዘረፋው ተሰብስቦ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሲሸጥ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ እዚያው ቆሞ ይገዛ ነበር። የገባው ዕቃ በሙዚየም መዝገብ ሰፈረ። ያ ወረቀት ዛሬ መከራከሪያችን ነው። ከአዳማ በደላላ ቦርሳ ለሚወጣው ጎራዴ ግን ወረቀት የለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ «ይህ የእኛ ነው» ቢል ማስረጃው ምንድን ነው? ብርድ ልብስ ላይ የተነሳ፣ ከተሸጠ በኋላ የተሰረዘ ፎቶ!

አሁን ወደ «አድዋው» እንምጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ የዋለ ጎራዴ በየቤቱ ሊኖር ይችላል፤ አልክድም። ነገር ግን በየቻናሉ የሚለጠፈው ሁሉ አድዋ ውሎ ከሆነ ጦር ይዞ የዘመተ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሻጩ «አድዋ» የሚለው ስለሚያውቅ አይደለም፤ ቃሉ ዋጋ ስለሚጨምር ነው። ገዢውም አይጠይቅም፤ ምክንያቱም ነገ ለሌላ ሲሸጥ እሱም «አድዋ» ሊል ነው።

የሚገርመው፣ እውነተኛውን ጎራዴ የሚያስጥለን ይኸው አለማወቃችን ነው። ስለቱ ላይ «ዞሊንገን» የሚል የጀርመን ከተማ ስም ሲያይ «የፈረንጅ ነው፣ ፎርጅድ ነው» ብሎ የሚያጣጥል ሰው ብዙ ነው። ተሳስቷል። በምኒልክም በኃይለ ሥላሴም ዘመን ስለቱ ከአውሮፓ እየታዘዘ ይመጣ ነበር፤ የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ እዚያው ፋብሪካ በአሲድ ይወጣበታል፤ እጀታውና አፎቱ እዚህ ይሠራል። የጀርመን ማህተም ያለበት ጎራዴ የበለጠ ኢትዮጵያዊ ሊሆን ይችላል፣ ማህተም የሌለው ባለ ትልቅ አንበሳ ደግሞ ካቻምና ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ።

እንዴት ይለያል? ጽሑፉን ከዝገቱ ጋር አስተያዩት። ፊደሉ ከስለቱ እኩል ያረጀ ከሆነ ዝገቱ ፊደሉ ውስጥም ይገባል፤ ፊደሉ ዝገቱን ቆርጦ ብልጭ ካለ ፊደሉ ከዝገቱ ያንሳል። አፎቱን ተመልከቱ፤ ለዓመታት የወጣና የገባ ስለት የአፎቱን አፍ በልቶታል። ቆዳው የስለቱን ጥምዝ ይዟል ወይስ የሌላ ጎራዴ ልብስ ተውሶ ነው? ሾተል ከሆነ ጥምዙ እንደ ማጭድ ነው፣ የባላንጣን ጋሻ ዞሮ እንዲወጋ፤ የታጠቁትም በቀኝ ጎን ነበር፤ ማንጠልጠያው የሚናገረው ይህንን ነው? እጀታው ቀንድ ከሆነ የምን ቀንድ? የቀድሞዎቹ ብዙዎቹ የአውራሪስ ነበሩ። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ለቱሪስት «ይዘኸው ውጣ፣ ችግር የለውም» የሚል ደላላ ሰውየውን በሁለት ወንጀል ወደ ቦሌ እየላከው ነው።

እነዚህን ምልክቶች ሁሉ በአንድ ከሰዓት የሚያጠፋ ነገር አለ፦ ብርጭቆ ወረቀት። በዚህ ጉዳይ ጃፓኖችን ብናይ ያሳፍረናል። የጃፓን ሰይፍ ስለቱ እንደ ውኃ ይጠራል፤ እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራው ግን አይወለወልም፣ አይነካም። የዝገቱ ቀለም የዕድሜው ምስክር ነው፤ ቀጥቃጩም ስሙን የሚቀርጸው እዚያ ነው። ጭራውን ያጸዳ ሰው የሰይፉን የልደት ወረቀት ቀዶታል። እነሱም ቢሆኑ ከሐሰተኛ አልዳኑም፤ ኮቴትሱ የሚባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀጥቃጭ ስም የተቀረጸባቸው ሰይፎች አብዛኛዎቹ ሐሰት መሆናቸውን የሚያውቁት ራሳቸው ጃፓኖች ናቸው። ልዩነቱ የሚጠራጠር ሰው አላቸው፤ መርማሪው እጀታውን ሳያወልቅ ቃል አይተነፍስም። እኛ ዘንድ ፍላሽ ያለው ስልክ በቂ ነው።

ጥበቃው ከሰማይ የወረደላቸው አይደለም። በ1945 ሲሸነፉ የአሜሪካ ጦር መሣሪያ አስረክቡ አለ፤ ሰይፉም አብሮ ተሰበሰበ። የቶኩጋዋ ቤተሰብ ሆንጆ ማሳሙኔ የሚባለውን ስመ ጥር ሰይፍ ለፖሊስ ጣቢያ አስረከበ፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። እንደ ሆንማ ጁንጂ ያሉ ሊቃውንት «ይህ መሣሪያ ብቻ አይደለም፣ ጥበብ ነው» ብለው ጦሩን አሳመኑ፤ በ1948 የሰይፍ ጥበቃ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ እያንዳንዱ ሕጋዊ ሰይፍ ርዝመቱ፣ ጥምዙና የቀጥቃጩ ጽሑፍ የሰፈረበት የምዝገባ ወረቀት አለው። ወረቀቱ የባለቤቱ ሳይሆን የሰይፉ ነው፤ ሰይፉ ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል።

እኛ ዘንድ የቀጥቃጩ ስም የት አለ? የትም። እዚህ ላይ ደላላውን መውቀስ አይበቃም። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው «ቡዳ» እያልን፣ በኦሮሞውም ዘንድ ቱምቱውን ከጎሳ ዳር እያስቀመጥን፣ በሠራው ጎራዴ ግን ፎከርን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ አዋጁን ቀብሮት ኖረ። ጌታው በስሙ ይታወቃል፣ ፈረሱ እንኳ ስም አለው፣ ብረቱን ያነጠረው ግን ስም የለሽ ነው። ዛሬም ባሌስትራ የሚቀጠቅጥ ጎበዝ ወጣት ሥራው ላይ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ቢቀርጽ በክብር ይሸጥ ነበር፤ እኛ ግን «1888» ጻፍበት እንለዋለን።

አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ሳልመልሰው አላልፍም። «ይህ ጎራዴ ለእኛ የወራሪ ጎራዴ ነው፤ ቢጠፋ ምን ገደደን?» የሚል ከአርሲ ወገን ሊነሳ ይችላል። በ1870ዎቹ የራስ ዳርጌ ዘመቻ አርሲ ላይ ያደረሰውን የአዳማ፣ የኢተያና የአሰላ ሰው ከአያቶቹ ሰምቷል። ታዲያ በደል የደረሰበት ሰው ማስረጃውን ይሸጣል? ያ ጎራዴ የትኛው ቤት ተሰቀለ፣ ማን ታጥቆት መጣ፣ ወይስ ማርኮት ያስቀረው የአርሲ ፈረሰኛ ነው? ታሪኩ ሲመዘገብ ሁለቱም ወገን ይናገርበታል። «አድዋ» የሚል የውሸት ካባ ሲለብስ ግን የአርሲውም ታሪክ አብሮ ይሰረዛል።

ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎቻችንስ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የባቱ ወይም የሞጆ እናት የባለቤታቸውን ጎራዴ በነጠላ ጠቅልለው ቢሮ ይወስዳሉ? አይወስዱም። «ይቀሙኛል» ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ከመሬት አልበቀለም፤ መሣሪያ አስረክቡ የሚል መንግሥት ስንት ጊዜ አይተዋል። መዝጋቢው ቤታቸው ይሂድ፤ ቡና ይጠጣ፣ ይለካ፣ ያንሳ፣ ይጻፍ፣ ጎራዴውን ግድግዳው ላይ መልሶ ይስቀል፣ ወረቀቱን ለእሳቸው ይስጥ። ለዚህ አዲስ ሕንፃም አዲስ አዋጅም አያስፈልግም፤ አንድ ሜትር፣ አንድ ስልክና አንድ የታመነ ሰው ይበቃል።

ችግር ላይ ያለ ሰው አይሽጥ ብዬ አልፈርድም፤ የሆስፒታል ዕዳ ላለበት ቅርስ አይሰበክለትም። ግን ደላላው ሳይመጣ ጎራዴውን ጥላ ቦታ ወይም መስኮት አጠገብ አድርጉት። ፍላሹን አጥፉ። ብርሃኑ በጎን ይምጣ፤ ጽሑፉ የሚነበበው ያኔ ነው። ሁለቱንም ገጽ፣ እጀታውን፣ የስለቱን ሥር፣ አፎቱን ለየብቻ አንሱ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ይኑር። ከዚያ አክስታችሁን አስቀምጡና የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ በድምፅ ቅዱ፤ ባታውቅ «አላውቅም» ትበል፣ እሱም ይቀዳ። አሎሎ በሚያህል አሸዋና በሎሚ ልትፈትጉት የተነሳችሁ ደግሞ ሎሚውን ለሰላጣ አስቀሩት።