የልጃችሁን ስም ፈልጋችሁ እዩ

ጎግል ላይ የራሳችሁን ስም ጽፋችሁ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? የእኛ አገር ስም ለዚህ ነገር ብዙም አይመችም። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እየደረደርን ነው የምንጠራው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ብቻ ስሙን ከነአባቱ የሚጋራ ስንት ሰው አለ! በላይ ዘለቀ የሚባል የቢቸና ተማሪ ስሙን ቢፈልግ የሚወጣለት አርበኛው ነው፤ እሱስ ዕድለኛ ነው፣ ተሸፈነ። ፊደሉም አለ። «ፀሐይ»ን አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል ሲሆን መጨረሻውን አንዱ በዋይ፣ ሌላው በአይ ያደርገዋል። ስለዚህ ስትፈልጉ ሁሉንም ሞክሩ፣ ሥዕሎች የሚለውንም ክፈቱ። የክርስትና ስማችሁ አይወጣም፤ እሰየው።

እኔ ግን ከእናንተ ስም ይልቅ የልጆቻችሁ ያሳስበኛል። የማውቃት አንዲት ልጅ በስድስት ዓመቷ የልብ ሕመም ያዛት፤ ቶንሲል በጊዜው ሳይታከም ሲቀር የሚመጣው ዓይነት። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የእርዳታ ጥሪ አወጣላት፦ አልጋ ላይ የተነሣችው ፎቶ፣ ሙሉ ስሟ ከነአያቷ፣ የሐኪም ማስረጃው ከነካርድ ቁጥሩ፣ የአባቷ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ። ገንዘቡ ተሟላ፣ ታከመች፣ ተመስገን ዳነች። ዛሬ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ስሟን የጻፈ የክፍል ጓደኛ ግን መጀመሪያ የሚያየው ያንኑ አልጋ ነው። «ሲስተር፣ አሁንም ታማሚ ነሽ ወይ ይሉኛል» አለችኝ። እናቷ ደግሞ «እህቴ፣ ያን ጊዜ ስለ ፎቶ ማን ያስባል? ልጄ ትትረፍልኝ እንጂ» አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም እናት ነኝ።

ያም ሆኖ ያ ማስረጃ እኛ ካርድ ክፍል ቆልፈን የምናስቀምጠው ወረቀት ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ አጭበርባሪዎች የድሮ ፎቶ ወስደው፣ የሒሳብ ቁጥሩን ቀይረው እንደገና ይለምኑበታል።

እርዳታ መጠየቅ ነውር የለውም። ብቻ በማስረጃው ላይ የካርድ ቁጥሩንና የምርመራ ዝርዝሩን ሸፍኑ፣ የልጁን ስም ያለአያቱ ጻፉ፣ ቀን አድርጉበት። ገንዘቡ ሲሟላ «ተሟልቷል፣ እናመሰግናለን» ብላችሁ ምስሉን አንሡት። ያወጣው የአክስት ልጅ ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉለት፤ የይለፍ ቃሉን ከረሳ ነገሩ ይከብዳል።

አላነሣም ያለ ካለስ? ጎግል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ወይም ወላጁ ሲያመለክት ፎቶውን ከፍለጋ ውጤቱ ያወጣል። ከፍለጋው ይጠፋል እንጂ የወጣበት ገጽ ላይ ይቆያል፤ ይህን እወቁት። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል፣ መረጃዬ ይጥፋልኝ የማለትንም መብት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከማመልከታችሁ በፊት ምስሉ የወጣበትን ገጽ ከነአድራሻው ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።

የዚያች ልጅ ፎቶ ከፌስቡኩ ወርዷል። ቴሌግራም ላይ ከቀዱት ሁለት ሰዎች አንዱ ወዲያው አጠፋው። ሁለተኛውን አባቷ አሁንም እየፈለገው ነው።