የዩኒቨርሲቲ የስሌት መሣሪያና የነጋዴው ድርሻ

እንደሚታወቀው፣ ለአንጋጫ ወጣቶች በቅርብ ከሚገኙት የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አንዱ በሆሳዕና ያለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነገር ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን ዕውቀት ለማስተማርና ለመመርመር መምህርና መጽሐፍ ብቻ አይበቁም፤ ጂፒዩ የሚባል ብርቱ የስሌት መሣሪያም ያስፈልጋል። ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያቀርበው ኤች 100 የተሰኘው፣ አንዱ ብቻ ከ20,000 ዶላር በላይ ይገመታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ በብር ምን ያህል እንደሚከብድ ለአስመጪ መንገር አያሻም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየራሱ ይግዛ ማለት በየቤቱ የእህል ወፍጮ ይተከል እንደ ማለት ነው። ወፍጮ ወጪውን የሚመልሰው የሰፈሩ እህል ሁሉ ሲደርሰው ነው። መሣሪያውም በአንድ ማዕከል ተተክሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በኢንተርኔት መስመር በየተራ ቢሠሩበት ሥራ ፈትቶ አይውልም።

የኤሌክትሪክ ኃይልን በተመለከተ፣ አገሪቱ ለቢትኮይን አምራቾች ስትሸጥ ቆይታለች፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ለውጭ ደንበኛ ስሌት የተገኘ ኃይል ለአገር ልጅ ትምህርት ሊጠፋ አይገባም።

«ነጋዴው ምን ይጠቀማል?» የሚል አይጠፋም። መሣሪያውን ሳይነካ የተመረቀ ወጣት ነገ የሚቀጠረው በዚሁ ነጋዴ ዘንድ ነው፤ ያልተማረውንም የሚያስተምረው ቀጣሪው በራሱ ኪሳራ ይሆናል። እንግዲህ አስመጪዎች ለጋራ ግዥው ዋጋ በማወዳደርና መለዋወጫ በማቅረብ፣ ሌሎችም ለሥራቸው የመሣሪያውን ሰዓት በኪራይ በመውሰድ ቢረዱ፣ ትርፉ ለሁሉም ይደርሳል።