ሳንቲሙን አትፈግፍጉት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቀረጥ ወይም ስለ ምንዛሪ አይደለም፤ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ከእናንተም መካከል ተመሳሳይ ጥፋት ሊሠራ የተዘጋጀ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ከዓመታት በፊት ጨርቅ ይዤ ወደ አክሱም እመላለስ ነበር። እዚያ አደይ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት ደንበኛ ነበሩኝ። አንድ መስከረም ላይ ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሯትን ፈትተው አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡ። «ዝናቡ ከማሳችን አወጣት። አንተ አገር ያየህ ነጋዴ ነህ፣ እስቲ እያት» አሉኝ።

እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ማታውን በሎሚ ጭማቂ ዘፈዘፍኳት፤ ጠዋት በአመድና በጨርቅ ፈገፈግኳት። አረንጓዴው ተነሣ፣ መዳቡ ቀላ፣ ሳንቲሟ አበራች። አደይም መረቁኝ።

በኋላ አደይ ሳንቲሟን ለመንግሥት ለማስረከብ ሲወስኑ አብሬያቸው ሄድኩ። የተቀበለን ባለሙያ በአጉሊ መነጽር አያት፤ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም በመስቀሉ ሥር የቀረችውን የመርፌ ጫፍ የምታህል ቢጫ ነጥብ እያሳየኝ «ይህ ወርቅ ነበር» አለኝ።

ወርቁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም ያስመቱ ነበር። በስሙ ሳንቲም ማስመታቱ የሚታወቀው የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ከመዳቦቹ አንዳንዶቹ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ በስስ ወርቅ የተለበጡ ናቸው። በዘመኑ በሌላ አገር ሳንቲም ያልተለመደ ጥበብ ነው። ያ ስስ ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በዛገው መዳብ ላይ ነው። ሎሚው ከሥሩ ያለውን ዝገት ሲያሟሟው ወርቁ የሚይዘው ያጣል፤ አመዱ ደግሞ ጠርጎ ይወስደዋል።

ወርቅ ባይኖርበትስ? ያኔም ጥፋቱ ያው ነው። መዳብ መሬት ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቆይ ላዩ ወደ ቀይና አረንጓዴ ሽፋን ይለወጣል። የንጉሡ ፊት፣ የግእዙ ወይም የግሪኩ ፊደል፣ ከንጉሥ ኢዛና ክርስትና በፊት የነበረው ጨረቃ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው መስቀል፣ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በዚያ ሽፋን ላይ ነው። አረንጓዴውን ቆሻሻ ነው ብሎ መፈግፈግ ደብዳቤን አቧራ አለበት ብሎ እንደማጠብ ነው። ወረቀቱ ይነጣል፣ ጽሑፉ ግን የለም።

አረንጓዴ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ለስላሳና ጠንካራ ከሆነ ሳንቲሙን ይጠብቀዋል። ፈዛዛ ሆኖ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን በሽታ ነው። መዳቡ ከመሬት የጠጣው ጨው እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይፈጥርና ሳንቲሙን ከውስጥ ይበላዋል። ይህንንም ቢሆን ሎሚ አያድነውም፤ ያባብሰዋል እንጂ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር እጃችሁ ከገባ ወይም ዘመድ ካሳያችሁ ከመንካታችሁ በፊት እንዳለ በስልክ ፎቶ አንሱት። የተገኘበትን ማሳ፣ ቀኑንና ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበር ጻፉ። ሎሚ፣ አቼቶ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የድስት ሽቦ አታስነኩት። አፈሩንም ተዉት። እያንዳንዱን ለየብቻው በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ብታኖሩ ጥሩ ነው። የቀረው የባለሙያ ሥራ ነው። እሱ በማይክሮስኮፕ እያየ በቀጭን መርፌ ቀስ እያለ ይለቅመዋል፤ ጨውን ለማውጣት ዲስቲልድ ውሃ ደጋግሞ ይቀይርለታል። ለአንዲት ሳንቲም ቀናት ይፈጃል። እኔ በአንድ ሌሊት ጨረስኩት ብዬ ኮርቼ ነበር።

አንዳንድ ነጋዴ ወንድሞቼ «ካልጸዳ ማን ይገዛዋል?» ይሉኛል። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሰብሳቢ እንኳ የተፈገፈገ ሳንቲም ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ በንግድ ሒሳብ ብቻ ብትቆጥሩትም ኪሳራ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ከመጀመሪያውም የምንሸጠው የእኛ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ላስረከበም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። በቡና ጆንያ መሐል ሳንቲም ሸጉጦ ድንበር የሚሻገር ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚጓዘውን የሁላችንንም ስም ነው የሚያስይዘው።

ደግሞ ይህ የእኛ የነጋዴዎች ታሪክ ነው። በታንዛኒያ ጠረፍ የኪልዋ ሱልጣኖች የመዳብ ሳንቲም ያስመቱ ነበር። የሱልጣን አል-ሐሰን ቢን ሱለይማን ስም ያለበት አንድ ሳንቲም ከባሕር ርቆ በታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ተገኘ። ቦታው ስለታወቀ የባሕሩ ንግድና የመሐል አገሩ ወርቅ መገናኘታቸውን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ አንድ ወታደር በሰሜን አውስትራሊያ ደሴት ባሕር ዳር አሸዋ ላይ የኪልዋ ሳንቲሞች አገኘ። በአሸዋው ላይ እንዲሁ ስለተለቀሙ ማን፣ መቼ እንዳመጣቸው ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። ሁለቱም መዳብ ናቸው፤ ልዩነቱ የተገኙበት ሁኔታ ነው። ከማሳ ተለቅሞ፣ ተፈግፍጎ፣ በኪስ ድንበር የተሻገረ ሳንቲም ማን ከማን ጋር እንደነገደ መናገር አይችልም።

ጥፋቱን ሁሉ በገበሬውና በነጋዴው ላይ መጣልም ፍርደ ገምድልነት ነው። ደላላው ብሩን እዚያው ማሳው ዳር ቆጥሮ ይሰጣል። መንግሥት ሽልማት አለ ካለ ሽልማቱ ልክ እንደ ደላላው ብር ቶሎ መድረስ አለበት። በየወረዳው የሚረከብ፣ ደረሰኝ የሚሰጥ፣ የአስረካቢውን ስም የሚመዘግብ ሰው ይኑር። አንድ ጎረቤት አስረክቦ በክብር ሲሸለም ያየ መንደር ሁለተኛ ደላላ አይጠራም። እኛ ነጋዴዎች ደግሞ ገበሬው አምኖ ዕቃውን መጀመሪያ የሚያሳየን እኛን ነው። «ስንት ያወጣል?» ከማለታችን በፊት «አትንካው፣ አስመዝግበው» ማለት እንችላለን፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ያን ቀን ከቢሮው ስንወጣ አደይን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ሳታውቅ ነው ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን «ከእንግዲህስ አውቀሃል» ሲሉ ጨመሩ። እናንተም አሁን አውቃችኋል።